ፋይናል ፋንታሲ 8 ተጫዋቹን ለምን ለሁለት ከፈለ? የጃንክሽን አሠራር ሲብራራ

ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ 8ን ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1999 ነው። አሜሪካ የገባው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 9 ነበር። ጌሙ አራት ዲስክ ይሞላል። ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን የጌም መጽሔት ከ40 ነጥብ 37 ሰጥቶታል፤ በዓለም ዙሪያም ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው በዚህ ጌም ዙሪያ ጠብ ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም። ጠቡ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎትም አልበረደም። ከተከታታዩ ሁሉ ይህኛውን የሚያስቀድሙ አሉ፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሰልችቷቸው ዘግተውት ዳግም ያልነኩትም አሉ።

የጠቡ ዋና ሥር አንድ ነው። ተጫዋቹ ከሌሎች አርፒጂዎች የተማረውን ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ጌም ያንን ልማድ ይቀጣል፤ እንደሚቀጣው ግን አስቀድሞ በግልጽ አይነግረውም። ከዚህ በታች የምናብራራው ቅጣቱ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚታለፍ ነው።

አርፒጂ የሚባሉት ጌሞች ተጫዋቹ የአንድን ታሪክ ገጸ ባሕርያት ይዞ ለብዙ ሰዓታት የሚያሳድግባቸው ናቸው። በየፕሌይስቴሽን ቤቱ በጨዋታ ሒሳብ ከሚከፈልበት የእግር ኳስ ጌም በጣም ይለያሉ፤ ይህኛውን ለመጨረስ 40 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሜሞሪ ካርድም ግድ ነው። የዚህ ዓይነት ጌሞች የድሮ ሕግ ቀላል ነበር። ጭራቅ ትገድላለህ፣ ነጥብ ታገኛለህ፣ ሌቭልህ ይወጣል፣ ትጠነክራለህ። ከጭራቁ በወደቀው ገንዘብ የተሻለ ሰይፍና ጥሩር ትገዛለህ። አንድ ቦስ፣ ማለትም ከተራ ጭራቅ የከበደ ዋና ጠላት፣ ካሸነፈህ ወደ ኋላ ተመልሰህ ሌቭልህን ከፍ አድርገህ ትመጣለህ። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው 7ኛው ክፍል ሚሊዮኖችን ወደዚህ ዓይነት ጌም ያስገባው በዚሁ ሕግ ነው።

ስምንተኛው ክፍል ግን ከዚህ ሕግ ብዙውን ነቀለው። ጥሩር የለም። አስማት ለመወርወር የሚፈጀው ኤምፒ የሚባለው ነጥብ የለም። ተራ ጭራቅ ገንዘብ አይጥልም። ሰይፍም ሱቅ ሄዶ አይገዛም፤ የሚፈለጉትን ዕቃዎች ሰብስቦ ያለውን ማሻሻል ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጭራቆቹ ሌቭል የሚሰላው ከእናንተ ቡድን አማካይ ሌቭል ነው። እናንተ 10 ስትሆኑ እነሱም በዚያው ዙሪያ ይሆናሉ፤ 60 ስትደርሱ ደማቸውም (ከመሞታቸው በፊት የሚችሉት የጉዳት መጠን) ምታቸውም አብሮ ይወጣል። ቦሶቹም እንዲሁ ከእናንተ ጋር ያድጋሉ።

የድሮውን ሕግ የያዘ ተጫዋች እዚህ ላይ ይወድቃል። አንድ ቦስ ያሸንፈዋል፤ እንደ ለመደው ሜዳ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ይዋጋል፤ አሥር ሌቭል ወጥቶ ሲመለስ ቦሱ ይብሱን ከብዶ ይጠብቀዋል። ምክንያቱን የሚነግረው የለም። በጣም ደክሞ ወደ ኋላ መቅረት ያናድዳል፤ ጌሙን ጠምዝዘው የጣሉት ሰዎች ቁጣ ከንቱ አይደለም።

ታዲያ ጉልበት ከየት ይመጣል? ከጃንክሽን። የውጊያውን ሥርዓት የነደፉት ሂሮዩኪ ኢቶ ናቸው፤ በ1991 በወጣው 4ኛው ክፍል የውጊያ ተራ በሰዓት እንዲቆጠር ያደረጉትም እሳቸው ነበሩ። አስማት እዚህ እንደ ጥይት በቁጥር የሚያዝ ነገር ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ከአንድ ዓይነት አስማት እስከ 100 ድረስ ይይዛል፤ የተለያዩ ዓይነቶች ደግሞ እስከ 32። የያዘውን አስማት ሊወረውረው ይችላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አስማቱን ከአንድ የአቅም ቁጥር ጋር፣ ለምሳሌ ከደም መጠን፣ ከጉልበት ወይም ከፍጥነት ጋር መግጠም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ይዘላል።

ቁጥሮቹን ስናይ ነገሩ ይገባል። ኪዩር ከተባለው የሕክምና አስማት 100 ከደም ጋር ሲገጠም 200 ይጨምራል። 100 ኪዩራ 500 ይጨምራል። 100 ኪዩራጋ 2200፣ 100 ፉል ላይፍ 4800፣ 100 አልቲማ ደግሞ 6000 ይጨምራል። የደም ጣሪያው 9999 ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስኳል ጌሙን የሚጀምረው ሌቭል 7 ላይ ሆኖ በጥቂት መቶ ደም ነው። ስለዚህ ሌቭሉን ምንም ሳይነካ አንድ ጥሩ አስማት በመግጠም ብቻ ደሙን አምስት እጥፍ ማድረስ ይችላል፤ ጭራቆቹ ግን የሚያዩት ሌቭሉን ነው፣ አሁንም 7 ነው ብለው ደካማ ሆነው ይመጣሉ። ሙሉው ሚስጥር ይኸው ነው። ሌቭል የጠላት መመዘኛ ነው፤ የእናንተ ጉልበት የሚለካው በተገጠመው አስማት ነው።

ለመግጠም መጀመሪያ ጋርዲያን ፎርስ ያስፈልጋል። እነዚህ በውጊያ ተጠርተው የሚመጡ 16 ኃይለኛ ፍጡራን ናቸው፤ ተጫዋቾች በአጭሩ ጂኤፍ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ጂኤፍ የትኛውን የአቅም ቁጥር መግጠም እንደሚያስችል የራሱ ዝርዝር አለው። ሺቫ ጉልበት መግጠምን ታውቃለች፣ ኢፍሪት ደምና ጉልበትን፣ ኬዛልኮትል ደግሞ ደምንና የአስማት ኃይልን። ችሎታዎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው አይከፈቱም፤ ከውጊያ የሚገኝ ኤፒ የተባለ ሌላ ነጥብ እየሰበሰቡ ይማሯቸዋል። ይህ ነጥብ ሌቭል ከሚያወጣው ነጥብ የተለየ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በኋላ ጠቃሚ ይሆናል።

አስማቱ ራሱ የሚገኝበት መንገድ ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። ድሮው (በእንግሊዝኛ Draw) የተባለው ትእዛዝ ከጭራቁ ላይ አስማት ይቀዳል፤ ልክ ከምንጭ ውኃ እንደሚቀዳ፣ ምንጩም አይደርቅም። በአንድ ተራ የሚቀዳው ከ9 አይበልጥም። ሒሳቡን አስሉት። በአማካይ 6 ቢገኝ፣ አንድ ሰው 100 ለመሙላት 17 ተራ ይፈጅበታል። ለሦስት ሰዎች 51 ተራ፤ አራት ዓይነት አስማት ከሆነ ከ200 ተራ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጭራቁ ፊት ለፊት ቆሞ ይመታል፣ አንዱ እየቀዳ ሌላው ያክማል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያው አንድ እንቅስቃሴ ነው። ይህን ሥራ ሃያ ሰዓት የሠራ ሰው ጌሙን አሰልቺ ቢለው እውነቱን ነው። እኛም ድሮው በዚህ መልኩ የጌሙ ትልቁ ጉድለት ነው እንላለን።

ሌላም የሚያስቆጣ ነገር አለ። የገጠማችሁትን አስማት በውጊያ ከወረወራችሁት ከ100 ወደ 99 ይወርዳል፣ አቅማችሁም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰዉ ያከማቸውን መወርወር ይፈራል። አንዱን ጭራቅ ለመግደል ሰይፍና ጂኤፍ ብቻ ይቀሩታል። ጂኤፍ መጥራት ምንም አይፈጅም፣ ኃይለኛም ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው በየውጊያው ይጠራል፤ በመጀመሪያው ቅጂ ደግሞ የአመጣጣቸው ትዕይንት ሊዘለል አይችልም። ኤደን የተባለው ጂኤፍ ብቻውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያ ሲያዩት ያስደንቃል፤ በሠላሳኛው ጊዜ ግን ሰው ቡና አፍልቶ የሚመለስበት ጊዜ ይሆናል።

ጌሙ ለዚህ ሁሉ መውጫ አዘጋጅቷል። ችግሩ መውጫውን ሜኑ ውስጥ ጥልቅ አድርጎ መቅበሩ ነው። አሁን በቅደም ተከተል እንሂድ።

ባላም ጋርደን በተባለው ትምህርት ቤት ስትጀምሩ፣ ክፍል ውስጥ ስኳል ወንበር ላይ ያለውን ኮምፒውተር ክፈቱ፤ ኬዛልኮትልና ሺቫ የሚገኙት እዚያ ነው። ከረሳችሁት መምህርቷ ኩዊስቲስ በኋላ ትሰጣችኋለች። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ አሳንሰሩ አጠገብ የቆመውን ሰው አነጋግሩት፤ ሰባት የመጫወቻ ካርዶች ይሰጣችኋል። ካርዱን እንደ መዝናኛ ብቻ አትዩት።

ቀጥሎ ኬዛልኮትል ካርድ የተባለውን ችሎታ እንዲማር አድርጉ፣ 40 ኤፒ ይፈጃል። ከዚያ ካርድ ሞድ፣ 80 ኤፒ። ካርድ የተባለው ትእዛዝ የተዳከመ ጭራቅን ወደ መጫወቻ ካርድ ይቀይረዋል። የጭራቁ ደም በቀነሰ ቁጥር የመሳካት ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መትታችሁ አድክሙት፣ ሊሞት ሲቃረብ ካርድ አድርጉት። በዚህ መንገድ የተወገደ ጭራቅ ኤፒ ይሰጣል፣ የሌቭል ነጥብ ግን አይሰጥም። ቦሶችም የሌቭል ነጥብ አይሰጡም። በአጭሩ ጂኤፎቻችሁ ያድጋሉ፣ የእናንተ ሌቭል ግን ባለበት ይቆያል፣ ጭራቆቹም ደካማ እንደሆኑ ይቀራሉ።

ካርድ ሞድ ደግሞ ካርዶቹን ወደ ዕቃ ይለውጣል፤ ዕቃዎቹ በበኩላቸው ወደ አስማት ይለወጣሉ። ይህን ሁለተኛውን ለውጥ የሚሠሩት ማጂክ ሪፋይን የተባሉ ችሎታዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለመማር 30 ኤፒ ብቻ ይፈጃሉ። ኬዛልኮትል የመብረቅና የነፋስ፣ ሺቫ የበረዶና የውኃ፣ ኢፍሪት የእሳት፣ ሳይረን የሕክምና፣ ዲያብሎስ የጊዜ አስማቶችን ይሠራሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጂኤፍ መጀመሪያ ይህን አስተምሩ።

አሁን ድሮው ላይ የፈሰሰውን ጊዜ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ድንኳን ከሱቅ በ1000 ጊል (የጌሙ ገንዘብ) ይገዛል። ሳይረን አንዱን ድንኳን ወደ 10 ኪዩራጋ ትቀይረዋለች። 10 ድንኳን፣ 10,000 ጊል፣ 100 ኪዩራጋ፣ 2200 ደም፤ በሜኑ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ወይም ዊንድሚል የተባለውን ዕቃ ውሰዱ፤ አንዱ በኬዛልኮትል እጅ 20 ቶርኔዶ ይሆናል። አምስት ዊንድሚል 100 ቶርኔዶ ነው፣ ይህም ከጉልበት ጋር ሲገጠም 48 ይጨምራል። አቢስ ዎርም የተባለው ጭራቅ አንድ ካርድ አንድ ዊንድሚል ይሰጣል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ዲስክ ላይ መሥራት ይቻላል። እኩያቸው የሆነውን አስማት ከጭራቅ ለመቅዳት ብዙ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፣ ያም የሚቻለው ጭራቁ ሌቭሉ ከፍ ብሎ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዝቅተኛ ሌቭል ያለው ጭራቅ የሚይዘው ደካማውን የአስማት ዓይነት ነው።

ሳይረንን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የምትገኘው ዶሌት ከተማ ማማ ላይ ኤልቮሬት ከተባለው ቦስ ላይ ድሮው በማድረግ ብቻ ነው። ቦሱን ሳትቀዱ ከገደላችሁት ታልፋችኋለች። ካርባንክል፣ ሌቫያታን፣ ፓንዴሞናና አሌክሳንደርም በዚሁ መንገድ ከየቦሱ ላይ የሚቀዱ ናቸው። ያመለጡት በመጨረሻው ግንብ ካሉ ቦሶች ላይ እንደገና ይገኛሉ፤ ግን ያን ጊዜ ጌሙ አልቋል፣ የሳይረን ድንኳን ጥቅሙ የነበረው መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ቦስ ፊት ስትቆሙ የመጀመሪያው ሥራችሁ ድሮው ብላችሁ ዝርዝሩን ማየት ይሁን።

ቲምበር ወደተባለችው ከተማ ከመሄዳችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩ አንድ አስማተኛ ፋኖስ ይሰጣችኋል። ፋኖሱን ሲጠቀሙበት ወዲያው ውጊያ ይከፈታል፤ ያለ ሴቭ አትንኩት። ውስጡ ያለው ዲያብሎስ ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ ከእናንተ ሌቭል ጋር ስለሚያድግ በጊዜ መዋጋቱ ይሻላል። ከባዱ ምቱ ካላችሁ ደም ላይ በድርሻ የሚቀንስ ስለሆነ ብቻውን አይገድልም፤ የሚያሰጋው ከዚያ ቀጥሎ የሚያሳርፈው ተራ ምት ነው። ዓይኑን ማሳወር ይሠራበታል። ካሸነፋችሁት በመጀመሪያ በ30 ኤፒ የድንገተኛ ውጊያን ብዛት የሚቀንሰውን፣ ከዚያም በ100 ኤፒ ጨርሶ የሚያስቀረውን ችሎታ ይማራል። ሌቭላቸውን ዝቅ አድርገው መጫወት ለሚፈልጉ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

የካርዱ ጨዋታ ትሪፕል ትራያድ ይባላል፤ ሦስት በሦስት በሆነ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዎች አምስት አምስት ካርድ ይዘው ይጫወቱታል። በየካርዱ አራት ጎን ቁጥር አለ፤ ጎረቤት ካርድ ላይ ያለውን ትንሽ ቁጥር በትልቁ ታሸንፉታላችሁ፣ ካርዱም ቀለሙን ይቀይራል። በጠቅላላው 110 ካርዶች አሉ። ጌሙን የሚጠሉት እንኳ ይህንን ሲያመሰግኑ እንሰማለን። ለምን ጠቃሚ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ የባሃሙት ካርድ ቡድኑን በሙሉ የሚያክም 100 ሜጋሊክሰር ይሆናል፣ የላጉና ካርድ ደግሞ ለጊዜው ከጉዳት ሁሉ የሚከልል 100 ሂሮ ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ካርዶች አንድ አንድ ብቻ ናቸው፤ ከመቀየራችሁ በፊት አስቡ።

በካርዱ ጨዋታ ብዙዎችን የሚያበሳጨው የደንብ መዛመት ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ ደንብ አለው። ከአንዱ አገር ተነስታችሁ ሌላው አገር ስትጫወቱ ደንቡ አብሯችሁ ሊጋባ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ራንደም የተባለው ነው፤ ካርዶቻችሁን ጌሙ ራሱ በዕጣ ይመርጥላችኋል፣ ምርጦቻችሁም ከደካሞቹ ጋር ተደባልቀው ይወጣሉ። ስለዚህ አዲስ አገር ስትገቡ ከመጫወታችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፤ ተጋጣሚው የሁለታችንን ደንብ እንቀላቅል ካለ አትቀበሉ።

ገንዘብ የሚመጣው በደሞዝ መልክ ነው። ስኳል ሲድ የተባለ የቅጥረኛ ወታደሮች ማዕረግ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየተወሰነው እርምጃ ደሞዝ ይገባለታል። ደሞዙ እንዲያድግ ሜኑ ውስጥ ቲውቶሪያል ከሚለው ሥር ያሉትን የጽሑፍ ፈተናዎች ውሰዱ። 30 ፈተናዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 10 የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄ ነው፣ አሥሩንም መመለስ ያስፈልጋል። ከስኳል ሌቭል ቁጥር በላይ ያለውን ፈተና መውሰድ አይቻልም፤ ሌቭል 12 ከሆነ እስከ 12ኛው ድረስ ብቻ። ብዙ ተጫዋቾች ይህን የፈተና ገጽ ጌሙን እስኪጨርሱ ሳያዩት ይቀራሉ፣ ከዚያም ጌሙ ገንዘብ አይሰጥም ይላሉ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ያለ ምክንያት ብዙ ተጫዋች በውጊያ እንዲሸነፍ አድርጓል። ታሪኩ ቡድኑን ደጋግሞ ይከፋፍለዋል፤ ሦስት ሰው ስታለማምዱ ቆይታችሁ ድንገት ሌሎች ሦስት ይሰጧችኋል። አዲሶቹ ምንም ጂኤፍ ካልያዙ ከመምታት በቀር ትእዛዝ የላቸውም፣ አስማት የለም፣ ድሮው የለም፣ ዕቃ መጠቀም እንኳ የለም። ሜኑ ውስጥ ስዊች ግቡና የጃንክሽን ልውውጥ የሚለውን ምረጡ፤ የአንዱን ሰው ጂኤፎችና አስማት በሙሉ ለሌላው ያስተላልፋል። ቡድኑ በተቀየረ ቁጥር ይህን ማድረግ ልማድ ይሁናችሁ። የግጥሚያው ዝርዝር የሚከብዳችሁ ከሆነ አውቶ የሚለው ቁልፍ አለ፤ ለምት፣ ለአስማት ወይም ለመከላከያ እያለ ራሱ ያስተካክላል። ፍጹም ባይሆንም ምንም ካለመግጠም እጅግ ይሻላል።

ጂኤፍ መጥራት ለሚወዱ ደግሞ ቡስት የተባለው ችሎታ አለ። ትዕይንቱ ሲሄድ ሴሌክትን ተጭኖ ይዞ ስኩዌርን በፍጥነት መደጋገም ነው። ቁጥሩ ከ75 ይነሳና እስከ 250 ይወጣል። መሐል ላይ የኤክስ ምልክት ሲመጣ እጅ ካልቆመ ግን ተመልሶ 75 ይሆናል። ብዙ ጀማሪ ቡስት ምቱን አዳከመብኝ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ጌሙ በሌላ በኩል ደግሞ ከመጠን በላይ ቀላል ነው የሚል ክስ አለበት፣ ይህም የሚመጣው አሠራሩ ከገባቸው ሰዎች ነው። ክሱ ትክክል ነው። የአንድ ሰው ደም ወደ ሲሶ ገደማ ሲወርድ ሊሚት ብሬክ የተባለው ልዩ ምት ይከፈታል፤ ባይከፈት እንኳ ተራውን ወደ ሌላ ሰው እያሳለፉ ሲመለሱ ጌሙ እንደገና ዕጣ ያወጣል። ስለዚህ ሆን ብሎ ደምን ዝቅ አድርጎ የቆመ ቡድን በየተራው ልዩ ምት ይመታል። የስኳል የመጨረሻ ሰይፍ ላየን ሃርት 1 አዳማንቲን፣ 4 ድራጎን ፋንግና 12 ፐልስ አሞ ይፈልጋል፤ ካርድ ለመሰብሰብ ትዕግሥት ያለው ሰው ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ዲስክ ያሟላል። የሚኖታወር አንድ ካርድ አሥር አዳማንቲን ነው። የኤልኖይል አሥር ካርድ አንድ ኢነርጂ ክሪስታል ይሆናል፣ እሱም በኢፍሪት እጅ 10 ፐልስ አሞ። ሁለት ክሪስታል ይበቃል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉ ቦሶች ሁሉ ጥቂት ተራ አይቆዩም። ወይ በጣም ከባድ፣ ወይ በጣም ቀላል፤ መሐሉን ማግኘት ለተጫዋቹ ተትቷል። ለእኛ ይህ ነፃነት ደስ የሚል ነው፤ ፈተናውን ጌሙ ራሱ እንዲመጥንለት የሚፈልግ ሰው ግን ተከፋሁ ቢል መብቱ ነው።

ስለ ታሪኩ ያለው ክርክር የተለየ ነው። ከዚህ በታች ያለው ታሪኩን ለማያውቅ ሰው የሚገልጥበት ነገር አለ።

ዳይሬክተሩ ዮሺኖሪ ኪታሴ፣ ጸሐፊው ካዙሺጌ ኖጂማ፣ ገጸ ባሕርያቱን የሣሉት ቴትሱያ ኖሙራ፣ ሙዚቃውን የጻፉት ኖቡኦ ኡኤማትሱ ናቸው። ሰባተኛው ክፍል ላይ ሜዳ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ትልቅ ጭንቅላትና አጭር አካል ነበራቸው፤ እዚህ የሰው ቁመት ይዘው ይሄዳሉ። ታሪኩም ዓለምን ከማዳን ይልቅ የስኳልንና ሪኖዋ የተባለችውን ልጅ ፍቅር መሐል ላይ አስቀመጠ። ስኳል 17 ዓመቱ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሰው እንዳይቀርበው ይከላከላል። ብዙ የሚናገረው በልቡ ነው፤ ጽሑፉ የልቡን ሐሳብ ለተጫዋቹ ያሳያል፣ አፉ ግን አጭር መልስ ይሰጣል። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ኩራተኛ ልጅ ብቻ ያያል። የልቡን ንግግር የተከታተለ ግን የመተው ፍርሃት ያለበትን ልጅ ያገኛል። እኛ ከሁለተኞቹ ወገን ነን።

ይሁንና አንድ ቦታ ላይ ተቺዎቹ ትክክል ናቸው። ሁለተኛው ዲስክ ላይ፣ ትራቢያ በተባለው የፈረሰ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ፣ ከቡድኑ ብዙዎቹ በልጅነታቸው በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አብረው ማደጋቸውን በድንገት ያስታውሳሉ። የረሱት ጂኤፍ የሚጠቀም ሰው ትዝታው ስለሚጠፋ ነው ይባላል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ተጫዋቹ ሠላሳ ሰዓት በደስታ የገጠማቸው ኃይሎች የገጸ ባሕርያቱን ልጅነት ሲበሉ ኖረዋል ማለት ነው። ነገር ግን ቀድሞ የተሰጠው ጥቆማ ጥቂትና ሜኑ ውስጥ ከተደበቁ ጽሑፎች የሚገኝ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሰው ላይ ትዕይንቱ ካለቦታው የወደቀ ሆኖበታል። እዚህም ያው የጌሙ በሽታ ነው የምናየው፤ ቁልፍ የሆነውን ነገር ማንም የማይከፍተው ገጽ ላይ ይጽፈዋል። የመጨረሻዋ ጠላት አልቲሜሺያም ማን እንደሆነችና ለምን እንደጠላች ሳትብራራ ታልቃለች። ይህ ባዶነት ነው ስኳል በመጀመሪያው ዲስክ መጨረሻ ሞቷል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሕልሙ ነው የሚለውን መላምት የወለደው፤ ዳይሬክተሩ ሐሳባቸው እንደዚያ እንዳልነበር በኋላ ተናግረዋል።

አሁን መጫወት የሚፈልግ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። የድሮው ዲስክ አለ፤ በሴፕቴምበር 3 ቀን 2019 ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለስዊች፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኮምፒውተር የወጣው የታደሰ ቅጂም አለ። የታደሰው የሰዎቹን ምስል አጥርቷል፤ ከኋላ ያሉት ሥዕሎች ግን እንደ ድሮው ደብዛዛ ስለሆኑ ሰዎቹ ከሥፍራው የተለዩ ይመስላሉ። በምትኩ ሦስት እርዳታ ሰጥቷል፤ ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ማድረግ፣ ድንገተኛ ውጊያን ማጥፋት፣ በውጊያ ውስጥ ደምና ልዩ ምት ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆኑ ማድረግ። የመጀመሪያውን ያለ ፍርሃት ተጠቀሙበት፤ አስማት የመቅዳቱንና የጂኤፍ ትዕይንቶችን ስልቸታ በአብዛኛው ያስወግደዋል። ሁለተኛው እንደ ዲያብሎስ ችሎታ ነው፣ ግን ጨርሳችሁ ካጠፋችሁት ኤፒ ከየት እንደሚመጣ አስቡ። ሦስተኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ አትንኩት፤ ጃንክሽንን ከነምክንያቱ ያጠፋዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ከመግባታችሁ በፊት። አራተኛው ዲስክ ሲጀመር ከተሞች ይዘጋሉ፣ ሱቆችና ብዙዎቹ የካርድ ተጫዋቾችም አብረው ይርቃሉ። በግንቡ ደጃፍ ደግሞ ስምንት ችሎታዎች ይታሸጉባችኋል፤ ዕቃ፣ አስማት፣ ጂኤፍ፣ ድሮው፣ ልዩ ትእዛዝ፣ ሊሚት ብሬክ፣ ሙት ማስነሣትና ሴቭ ማድረግ። አንድ ቦስ በገደላችሁ ቁጥር አንዱን መርጣችሁ ታስከፍታላችሁ። ስለዚህ ሦስተኛው ዲስክ ሳያልቅ በተለየ ቦታ ሁለተኛ ሴቭ ያዙ፣ ድንኳኖቻችሁን ገዝታችሁ ወደ ኪዩራጋ ቀይሩ፤ ግንቡ ውስጥ ግን መጀመሪያ ሴቭን ክፈቱ።